ብስክሌት በስንት ጊዜው ሰርቪስ ይደረግ?

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የመቀሌው ልጅ የተሰለፈበት የዚያ ዓመት ውድድር 21 ምዕራፍና 3,529 ኪሎ ሜትር ነበረው። በእንዲህ ያለ ውድድር ተወዳዳሪው እራቱን በልቶ ወደ መኝታው ሲያመራ የቡድኑ መካኒኮች ገና ሥራ ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ብስክሌት በየምሽቱ ይታጠባል፤ ሰንሰለቱ ጸድቶ ዘይት ይቀባል፤ ፍሬኑ፣ ማርሹና ጎማው ይፈተሻል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ይታያል።

አሁን ከቤቱ እስከ ሥራ ቦታው 8 ኪሎ ሜትር የሆነበትን አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ እንውሰድ። ደርሶ መልስ 16፣ በሳምንት አምስት ቀን 80 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ለበዓላት፣ ለሕመምና ለዶፍ ዝናብ ሰባት ሳምንት ቢቀነስለት እንኳ በዓመት 3,600 ኪሎ ሜትር ይሞላል። ሰውየው ሳይታወቀው በየዓመቱ አንድ ቱር ደ ፍራንስ ይጨርሳል ማለት ነው። እርግጥ የአልፕስ ተራራ የለበትም፤ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑ ግን ከአስፋልት ጋር አይወዳደርም። ማታ ማታ ብስክሌቱን የሚያጥብለት መካኒክም የለውም።

እንግዲህ ይህ ሰው ብስክሌቱን በስንት ጊዜው ሰርቪስ ያስደርግ? ከጓደኞቹ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «በስድስት ወር አንዴ» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ነው ባይባልም ጎዶሎ ነው። በስድስት ወር ውስጥ እሱ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ እሑድ ጠዋት ብቻ ለመዝናናት የሚወጣው ጎረቤቱ 500 ኪሎ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከኋላው ሁለት ጀሪካን ውኃ ወይም የሽንኩርት ጆንያ እየጫነ ከገበያ ገበያ የሚመላለሰው ሦስተኛው ሰው ደግሞ በሁለት ወር ውስጥ የሁለቱን ድምር ያህል ብስክሌቱን ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የተነዳው ርቀት፣ የተሸከመው ጭነት፣ የተነዳበት ወቅትና መንገድ። ከሦስቱ በአገራችን ብዙም የማይታሰብበት የመጨረሻው ነው፤ ከእሱ እንጀምር።

ሁለት ቋሚ ቀጠሮዎች

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የብስክሌት ዓመት ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የአቧራ፣ ሌላው የጭቃ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አዲስ አበባም ዋናው ክረምት በእነዚሁ ወራት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በፊት የበልጉ ዝናብ አለ። አቧራው ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ይበላል፤ ጭቃውና ውኃው ደግሞ ግሪሱን አጥቦ ለዝገት መንገድ ይከፍታል። ጉዳቱ ለየቅል ስለሆነ ሰርቪሱም ለየቅል ነው።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ ግንቦት መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ይህ ቀላሉ ነው። ዓላማው ብስክሌቱ በእርጥብ መንገድ ላይ መቆም እንዲችል ማድረግ ነው። የፍሬን ላስቲኮቹ ያለቁ ከሆነ ይቀየራሉ፤ የዛገ ወይም የተበጣጠሰ የፍሬን ሽቦ ይለወጣል፤ የጎማው ጥርስ ይታያል፤ የተነቀለ ፓራፋንጎ ይመለሳል። ፓራፋንጎን ብዙዎች እንደ ጌጥ ያዩታል፤ ዋና ሥራው ግን ከፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ በቀጥታ ሰንሰለቱና የፔዳሉ ኩሽኔታ ላይ እንዳያርፍ መከላከል ነው።

ሁለተኛውና ትልቁ ቀጠሮ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው፤ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ። ያኔ የጎማዎቹ መሐል (ሞዞ)፣ የፔዳሉ ክንድ የሚዞርበት ኩሽኔታና የመሪው አንገት ተፈተው ይታጠባሉ፤ አዲስ ግሪስ ይገባላቸዋል። በክረምቱ ወደ ውስጥ የገባው ውኃ ፀሐይ ስለወጣ ብቻ አይወጣም። ግሪሱ ውስጥ ተቀላቅሎ ይቆይና ኳሶቹን በጸጥታ ያዝጋቸዋል። ብዙ ሰው ግን ብስክሌቱን የሚወስደው ሐምሌ ላይ መንቋቋት ሲጀምር ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ ያስገባው አዲስ ግሪስ በነሐሴ ጎርፍ ይታጠብና መስከረም ላይ እንደገና እዚያው ይገኛል።

ቀጠሮው እንደየአገሩ መሸጋሸጉ ግልጽ ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃትና ደረቅ ከተማ ከጭቃው ይልቅ አሸዋውና ፀሐዩ ነው ጠላቱ፤ የጎማው ጎን እየተሰነጣጠቀ መሆኑን አዘውትሮ ማየት ያሻል። በሚኒያፖሊስ ወይም በስቶክሆልም የሚኖር አንባቢ ደግሞ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረትን ከውኃ በባሰ ፍጥነት እንደሚበላ ያውቃል። ለሱ ትልቁ ሰርቪስ በረዶው ሲያልፍ፣ ማለትም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው።

በእነዚህ ሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለውን ጊዜ ርቀቱ ይወስነዋል። በሳምንት ከ30 ኪሎ ሜትር ለማይበልጥ ተማሪ ሁለቱ ቀጠሮዎች ይበቃሉ። ለእሑድ ነጂው የመስከረሙ ብቻውን ሊበቃ ይችላል፤ ፍሬኑን ግን ግንቦት ላይ ራሱ ይፈትሽ። በየቀኑ 16 ኪሎ ሜትር ለሚነዳው ሰው በየ1,500 እስከ 2,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ምርመራ ያስፈልጋል፤ ከመስከረም ተነስቶ ሲቆጠር ከጥምቀት በኋላ ይውላል። ጭነት የሚያመላልሰው ግን ኪሎ ሜትር መቁጠሩን ትቶ በየሁለት ወሩ የኋላ ጎማውን ማሳየት አለበት። ባዶ ብስክሌት ላይ እንኳ ከነጂው ክብደት የሚበዛው የሚያርፈው በኋላው ጎማ ነው፤ ጆንያው ሲጨመርበት ራጂዎቹ አንድ በአንድ መበጠስ ይጀምራሉ።

አዲስ ብስክሌት የራሱ ሕግ አለው። ከሱቅ የወጣ ብስክሌት «አዲስ ስለሆነ ምንም አይፈልግም» የሚባለው ነገር ገዢውን ብዙ ያስከፍለዋል። በመጀመሪያው ወር ወይም በመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎች ይላላሉ፤ ራጂዎች ቦታቸውን ይይዙና ውጥረታቸው ይቀንሳል፤ ብሎኖች ይፈታሉ። በተለይ የፔዳሉ ክንድ ልል ሆኖ ጥቂት ቀን ከተነዳ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ቢያጠብቁት አይይዝም፤ ክንዱን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። አሥር ደቂቃ በማይፈጅ ማጥበቅ ሊድን የሚችል ዕቃ ነበር።

ሰንሰለቱን መለካት

ኪሎ ሜትር መቁጠሪያ የሌለው ሰው የነዳውን ርቀት በምን ያውቃል? ሰንሰለቱ ይነግረዋል። ከብስክሌቱ ክፍሎች ሁሉ ድካሙ በማስመሪያ ሊለካ የሚችል እንደ ሰንሰለት ያለ የለም። ይህን መለኪያ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከማንኛውም የጊዜ ሰሌዳ የተሻለ መሪ ይዟል።

«ሰንሰለቱ ረዘመ» ሲባል ብረቱ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በውስጡ ትንሽ ፒን አለው። ፒኑ በአቧራና በጭቃ እየተሞረደ ሲቀጥን በየመገጣጠሚያው የጸጉር ያህል ክፍተት ይፈጠራል፤ ከመቶ በላይ መገጣጠሚያ ስላለ የክፍተቶቹ ድምር ሰንሰለቱን ያስረዝመዋል። ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱና የማርሹ ጥርሶች መጠናቸው አይገጥምም፤ ሰንሰለቱ ጥርሶቹን በራሱ ልክ መቅረጽ ይጀምራል። ጥርሶቹ እየሾሉና ወደ አንድ ጎን እየተንጋደዱ ይሄዳሉ።

ልኬቱ እንዲህ ነው። የአናጢ ሜትር ያዘጋጁ። ሰንሰለቱ በተወጠረበት በላይኛው በኩል የሜትሩን ዜሮ በአንዱ ፒን መሐል ላይ ያድርጉ፤ ያንን ፒን ሳይቆጥሩ ወደ ፊት 24 ፒን ይቁጠሩ። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት በሁሉም ብስክሌቶች ማለት ይቻላል 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ነው። ስለዚህ አዲስ ሰንሰለት ላይ ሃያ አራተኛው ፒን በትክክል 12 ኢንች፣ ማለትም 30.48 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። 30.6 ካለፈ፣ ከኋላ 11 ወይም 12 ማርሽ ያለው ብስክሌት ሰንሰለት መቀየሪያው ደርሷል። እስከ 10 ማርሽ ላላቸው 30.7 ላይ ይቀየራል። ማርሽ የሌለው ወፍራም ሰንሰለት እስከ 30.8 ድረስ ይታገሣል። ልዩነቱ የሚሊ ሜትር ጉዳይ ስለሆነ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሁለት ሦስት ቦታ ይለኩ፤ ዓይንዎንም ከፒኑ ትይዩ ያድርጉ፤ በሰያፍ ያዩት ልኬት ያሳስታል።

የገንዘቡ ነገር እዚህ ላይ ነው። ከሰንሰለት፣ ከኋላ ማርሽና ከፊት ጥርስ ርካሹ ሰንሰለቱ ነው። በጊዜው የተቀየረ ሰንሰለት የኋላ ማርሹን ያተርፋል፤ አንድ የኋላ ማርሽ ሁለትና ሦስት ሰንሰለት ሊያሳልፍ ይችላል። ቀኑ ካለፈበት ግን አዲስ ሰንሰለት ያረጀ ጥርስ ላይ ሲገባ መዝለል ይጀምራል፤ ነጂው ዳገት ላይ ቆሞ ሲረግጥ ፔዳሉ በድንገት ባዶ ይሆንበታል። ያኔ ሁሉንም በአንድ ላይ መግዛት ግድ ነው። «ሰንሰለቱ ገና አልተበጠሰም» ማለት ክርክር ሊሆን አይችልም፤ ሰንሰለት ብዙውን ጊዜ ከመበጠሱ ቀድሞ ሌላውን ይጨርሳል።

አዘውትሮ የሚጸዳ ሰንሰለት ማርሽ ባለው ብስክሌት ላይ ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ በአቧራና በጭቃ ያለ ጽዳት ከተነዳ 2,000 ላይሞላ ይችላል። ለዚህም ነው የጽዳቱ ድግግሞሽ ከሰርቪሱ ድግግሞሽ የሚበልጠው። በደረቅ ወቅት በየ200 ኪሎ ሜትሩ ያጽዱ፤ ለባሕር ዳሩ ነዋሪያችን በሁለት ሳምንት ተኩል አንዴ ማለት ነው። ዝናብ ከመታው ግን በዚያው ዕለት። የሚጮህ ሰንሰለት «ቀባኝ» እያለ አይደለም፤ መቀቢያው ጊዜ ካለፈ ሰንብቷል።

ለጽዳቱ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ትንሽ ነጭ ጋዝ ይበቃል። ጨርቁን በነጭ ጋዝ ረጠብ አድርገው ሰንሰለቱን ይያዙበት፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ጥቁሩ ቆሻሻ እስኪለቅ ይጥረጉት። በማርሾቹ ጥርስ መሐል የተጋገረውን በብሩሽ ያውጡ። በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው ትንሽ ያናፍሱት። ከዚያ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ፣ በውስጠኛው በኩል፣ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ያድርጉ። ፔዳሉን ደጋግመው ያዙሩት፤ አሥር ደቂቃ ይቆዩ፤ በመጨረሻም ላዩን ሙልጭ አድርገው ይጥረጉት። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው። ዘይት የሚሠራው ፒኑ ውስጥ ነው፤ ላይ ላዩን የቀረው አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ጥቅም የለውም። ጣትዎን ሲያሳርፉበት እጅ የማያጠቁር ሰንሰለት በደንብ የተቀባ ሰንሰለት ነው።

ሦስት ነገር አይቀቡበት። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነፃ ይገኛል፤ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና ጥላሸት ግን በውስጡ አለ። ግሪስ ለኩሽኔታ እንጂ ለሰንሰለት አይሆንም፤ ወደ ፒኑ አይገባም፣ ላዩ ላይ ሆኖ አሸዋ ይይዛል። የምግብ ዘይት ደግሞ ሲሰነብት ይጣበቃል። የብስክሌት ዘይት ካልተገኘ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሻላል፤ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መድገም ይፈልጋል እንጂ ጉዳት የለውም።

በየሳምንቱ፦ አየርና ፍሬን

ጎማ ሳይበሳም አየር ያጣል። ከመነዳሪው ላስቲክ ስለሆነ አየሩ ቀስ እያለ በውስጡ ያልፋል፤ በሳምንት አንዴ መንፋት ተፈጥሯዊ ነው። መጠኑ በጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ በፒኤስአይ ወይም በባር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው። ለተራራ የሚሆነው ሰፊ ጎማ ከ30 እስከ 50 ፒኤስአይ ባለው ውስጥ ይሠራል፤ የውድድሩ ቀጭን ጎማ 80ና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በአውራ ጣት መጫን ለሰፊው ጎማ ግምት ይሰጣል፤ ለቀጭኑ ግን ያታልላል፤ 50ውም 90ውም ድንጋይ ሆኖ ነው የሚሰማው።

አየር ጎድሎ ኮብልስቶን ላይ የወጣ ጎማ ብዙ ጊዜ ሚስማር ሳይነካው ይተነፍሳል። የድንጋዩ ጠርዝ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ያጣብቀውና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታል። ጎሚስታው ሁለት ቀዳዳ ካሳየዎት ጥፋቱ የመንገዱ ብቻ እንዳልሆነ ይወቁ። ጎሚስታ ጋ ሲያስነፉም ይጠንቀቁ። ለመኪና ጎማ የተሠራው ኮምፕረሰር የብስክሌትን ትንሽ ከመነዳሪ በአፍታ ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል፤ በአጭር በአጭሩ እየነፋ በመለኪያ እንዲያይ ይንገሩት። በድሮዎቹ ከባድ ብስክሌቶች መንፊያ ውስጥ ያለችው ትንሽ ላስቲክ ስታረጅ አየር ታስወጣለች፤ «በየቀኑ ይተነፍሳል፣ ቀዳዳ ግን አልተገኘም» የሚባለው ጎማ ምሥጢሩ ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ፍሬኑን ለመፈተሽ እጀታውን አጥብቀው ይጨብጡ። ከመሪው ጋር እስኪገናኝ ከገባ ሽቦው ላልቷል ወይም ላስቲኩ አልቋል፤ በመሐላቸው ቢያንስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት። ላስቲኮቹ ላይ የተቀረጹ መስመሮች አሉ፤ መስመሮቹ ጠፍተው ፊቱ ለስላሳ ከሆነ ዕድሜው አልቋል። በክረምት ደግሞ ጠጠርና የብረት ቅንጣት ላስቲኩ ውስጥ ይሰገሰጋል፤ በወስፌ ካልወጣ ቸርኬውን እንደ ፋይል ይሞርደዋል። ላስቲኩ ሲጠብቅ ማረፍ ያለበት ቸርኬው ላይ ብቻ ነው፤ ትንሽ ወደ ላይ ወጥቶ ጎማውን የሚነካ ከሆነ የጎማውን ጎን በልቶ ያፈነዳዋል። የዲስክ ፍሬን ያለው ሰው የፍሬን ሸራው ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ይቀይር፤ የሰንሰለት ዘይትም ዲስኩ ላይ እንዳይነጥብ ይጠንቀቅ።

የሳምንቱ ቼክ ለሜዳ ከተማ ነው። ከእንጦጦ ወደ አራት ኪሎ የሚወርድ ሰው ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ በአንድ ቁልቁል ይለቃል፤ ለሱ ፍሬን የሚታየው በየጉዞው ነው። ወደታች ሲወርድም ሁለቱንም ፍሬን እያቀያየረ፣ እየያዘና እየለቀቀ ቢወርድ ቸርኬው የመቀዝቀዣ ጊዜ ያገኛል። ዘንግ ፍሬን ያለውና ቸርኬው ነጭ ብረት የሆነ የድሮ ብስክሌት ደግሞ በዝናብ ቀን ከባድ ጠባይ ያመጣል። እርጥብ ብረት ላስቲክን ስለሚያንሸራትተው መቆሚያው ርቀት በጣም ይረዝማል። ይህን ሰርቪስ አያድነውም፤ ሐምሌ ላይ ቀድሞ መያዝ ብቻ ነው መፍትሔው።

በወር አንዴ፦ በጆሮና በእጅ

ብስክሌቱን አንድ ስንዝር ያህል አንስተው መሬት ላይ ጣል ያድርጉት። ጤነኛ ብስክሌት አንድ ድፍን ድምፅ ያሰማል። ከተንኳኳ ወይም ከተንሻኳኳ የላላ ነገር አለ። ፓራፋንጎውን፣ የኋላ መጫኛውን፣ ኮርቻውንና መሪውን በተራ በእጅዎ ይነቅንቁ፤ የላላውን ብሎን በቁልፍ ወይም በብሩጎላ ያጥብቁ። የመሪውንና የጎማዎቹን ዳዶዎች ለይተው ይፈትሹ፤ የሌላው መፈታት ያናድዳል፣ የእነዚህ መፈታት ይጥላል።

የፊት ፍሬኑን ጨብጠው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዙት። አንገቱ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ከተሰማዎት የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። ጎማውን ከላይ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት፤ ከተንቀሳቀሰ የሞዞው ነው። የፔዳሉን ክንድም እንዲሁ ወደ ጎን ይግፉት። ከዚያ ጎማውን አንስተው ያሽከርክሩ፤ ቸርኬው በፍሬን ላስቲኮቹ መሐል ሲያልፍ ወደ አንዱ እየቀረበ ከሌላው እየራቀ ከሄደ ተጣሟል። የ1 ሚሊ ሜትር መጣመም ለመንገድ ብስክሌት ችግር የለበትም፤ ከ2 ወይም ከ3 ካለፈ ጠጋኙ ራጂ ማስተካከል አለበት።

ራጂዎቹን እንደ ክራር ክር በጣት ይምቷቸው። በአንድ በኩል ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ማውጣት አለባቸው፤ በመሐል «ዱብ» የሚል የሞተ ድምፅ ያለው ልል ነው። ማርሽ ባለው የኋላ ጎማ ላይ የቀኙ ድምፅ ከግራው ቀጠን ቢል አያስደንግጥዎት፤ ማርሹ ባለበት በኩል ያሉት ራጂዎች የበለጠ የተወጠሩ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚበጠሱትም እነሱ ናቸው። አንድ ራጂ ከተበጠሰ «ሌሎች 35 አሉ» ብለው አይንዱ፤ ሸክሙ ወደ ጎረቤቶቹ ስለሚዛወር ቀጣዩ ይከተላል።

ፔዳል ሲፈቱ አንድ ነገር ያስታውሱ፤ የግራው ፔዳል ጥርስ ተቃራኒ ነው። እንደሌላው ብሎን ወደ ግራ ሲያዞሩት ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። ይህን ያላወቀ ጉልበተኛ የስንቱን ፔዳል ክንድ አበላሽቷል።

በዚህ ሁሉ መካከል ብስክሌቱን ላቫጆ ወስዶ ማሳጠብ የሚያስመኝ ጊዜ ይመጣል። የላቫጆው ውኃ ግፊት ጭቃውን በደቂቃ ያራግፈዋል፤ ነገር ግን ወደ ሞዞው፣ ወደ ፔዳሉ መሐልና ወደ መሪው አንገት ከተተኮሰ ግሪሱን አስወጥቶ ውኃ ይሞላዋል። ባልዲ፣ ስፖንጅና ትንሽ የዱቄት ሳሙና ይበቃል። ላቫጆ ግድ ከሆነ ውኃው ከራቀ ቦታ እንዲረጭ፣ ኩሽኔታ ያለበትም ቦታ በቀጥታ እንዳይመታ ይንገሩ።

ጠጋኙ ጋ

ራጂ ማስተካከል፣ ኩሽኔታ መፍታትና በዘይት የሚሠራ ፍሬን ማየት ለባለሙያ ይተው። ሲወስዱት ግን «ሰርቪስ አድርግልኝ» ብቻ ብለው አይሂዱ። ይህ ቃል ለአንዱ ጠጋኝ ማጠብና ዘይት መቀባት ነው፤ ለሌላው ሁሉን ፈትቶ መግጠም። በወሩ ፍተሻ ያገኙትን አንድ በአንድ ይንገሩት፦ «የኋላ ጎማው ወደ ቀኝ ይጣመማል፤ ዳገት ላይ ስረግጥ ከሥር ይንቋቋል፤ ሰንሰለቱ 30.7 ገብቷል።» እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ጠጋኙም ሥራውን በሌላ ዓይን ያየዋል። ዋጋውን፣ የሚቀየረውንም ዕቃ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስልዎትም ይጠይቁ።

የመስከረሙን ሰርቪስ በተመለከተ አንድ ነገር ላይ ይጽኑ። ሞዞው ሲፈታ አሮጌዎቹ ኳሶች ታጥበው ከሚመለሱ ይልቅ አዲስ ኳስ እንዲገባ ያድርጉ። በብዙ ብስክሌቶች የኋላው ሞዞ በአንድ ጎን ሩብ ኢንች የሆኑ 9 ኳሶች፣ የፊቱ ደግሞ አነስ ያሉ 10 ኳሶች ይይዛል፤ ከሙሉ ሥራው ዋጋ አንጻር የኳሶቹ ሒሳብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያረጀ ኳስ ግን የሚዞርበትን ኮን ይበሳሳል፤ ኮኑ ከተበሳሳ ማስተካከል አይቻልም። ኮኖቹን በብርሃን አይተው ጉድጓድ ጉድጓድ ካለባቸው አብረው ይቀየሩ። የታሸገ ኩሽኔታ ያለው ሞዞ ከሆነ ኳስ አይጨመርበትም፤ በጣት ሲዞር ከሻከረ ሙሉ ኩሽኔታው ይለወጣል። የኮርቻው ምሰሶም በዚያው ይውጣና ግሪስ ተቀብቶ ይመለስ። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ምሰሶ ከፍሬሙ ጋር በዝገት ይጣበቃል፤ ያኔ ለማውጣት የሚደረገው ትግል ፍሬሙን ሊጎዳ ይችላል።

ብስክሌቱን ሲረከቡ ሳይነዱ አይሂዱ። አንድ ዙር ወጣ ብለው ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ ማርሾቹን ሁሉ ያስገቡ፤ መሪውን ለአፍታ ለቀቅ አድርገው ወደ አንድ ጎን ይስብ እንደሆነ ይዩ። አዲስ የገባ ሽቦ በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ይላላል፤ የተስተካከለ ራጂም ቦታውን እስኪይዝ ይንጣጣል። ስለዚህ ከ50 ወይም ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሰው ለማጥበቅ መምጣትዎን ገና ዋጋ ሲነጋገሩ ያንሱ፤ ብዙ ጠጋኞች ለዚህ ሁለተኛ ጉብኝት ተጨማሪ አይጠይቁም፤ የሚጠይቅም ካለ ከመጀመሪያው ማወቁ ይሻላል።